የአስታማሚ ወንበር

ባለቤቴን ጤና ጣቢያ ይዤው የሄድኩት መርሳት ስላበዛ ነው። ምድጃ ሳያጠፋ ይወጣል፤ ስቆጣው እኔኑ አተኩሮ ያየኛል።

ነርሷ ገና ከመግባታችን ደንቡን ነገረችን።

"አስታማሚ ከታማሚው ጀርባ ይቀመጣል። ፊት ለፊት ከሆነ በዓይኑ እየጠቀሰ መልሱን ይነግርብኛል።"

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከተቀመጥን በኋላ እንዲያስታውሳቸው ሦስት ቃላት ሰጠችው፤ ጃንጥላ፣ መሰላል፣ ድመት። ስለ ልጆቻችን ትንሽ አወራንና "እስቲ አሁን ቃላቱን ይንገሩኝ" አለች። እሱ ትንፍሽ አላለም። ጭንቅ አልችልምና እኔ መለስኩለት።

"ጃንጥላ።" ሌሎቹ ጠፉኝ።

"ዛሬ ቀኑ ማነው?"

አሁንም እኔው መለስኩለት።

"ማክሰኞ ነው" አልኳት። "እሱ እኮ ሰው ፊት ያፍራል።"

ነርሷ አልተቆጣችኝም። ወረቀትና እርሳስ እጄ ላይ አኖረችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የግድግዳ ሰዓት ከነቁጥሮቹ ይሳሉልኝ፣ እማማ" አለች።

"ለእሱ ስጪው እንጂ" ብዬ ከፊቴ የተቀመጠውን ባለቤቴን ትከሻውን ልነካ እጄን ዘረጋሁ።

እጄ የነርሷን ጠረጴዛ ነካ።

ከጀርባዬ ወንበር ሲጥ አለና የባለቤቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።