ኦክስጅን የገባበት ቤት

«ኦክስጅን የገባበት ቤት ሬሳ ሳይወጣበት አያድርም» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ፊርደውስ አሁንም፤ ከጠዋት ጀምረው ቧንቧ ውሃ ለሚባለው ሰፈራቸው ሁሉ ሲሉት የዋሉትን። ልጅቷ እሳት እንዳይነሳ የከሰል ምድጃውን ወደ ውጭ አወጣችና ከኮምቦልቻ ያስመጣችውን ሲሊንደር ከአባቷ ራስጌ ከፈተችው። አባቷ አንድ ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ ግንባራቸውን በቡጢ ይደበድቡ ነበር። ክላስተር የሚባለው ራስ ምታት እንዲህ በተነሳባቸው ቁጥር እንዲወስዱት ሐኪሙ ያዘዘላቸው ኦክስጅን ነበር፤ እሳቸው ግን «የሟች ነው» ብለው እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ነው።

«ወላሂ አልነካውም!» አሉ፣ ማስኩን ስታቀርብላቸው የእጇን አንጓ ጨምድደው ይዘው።

ልጅቷ ማስኩን በራሷ ፊት ላይ አድርጋ በረጅሙ ሳበች። «ይኸው አባባ፣ ሞቼ ከሆነ ከፍኑኝ! እትዬ፣ እርስዎም ይሞክሩት፤ ምላስዎን ትንሽ ያሳርፈው ይሆናል።»

አባቷ በደህናው ዓይናቸው ጥቂት አዩዋትና አገጫቸውን ሰጧት። ማስኩን አጠለቀችላቸው። አንጓዋን ግን አልለቀቁም፤ ሕመሙ ሲወጋቸው ያጠብቁታል፣ እሷም እጇ እየደነዘዘ አልተነቃነቀችም። ቆይቶ ትንሿ ጣታቸው ላላች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማስኩን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሄደልኝ! ፊርደውስ፣ የማን ልጅ መስላሽ ነው?»

ልጅቷ አንገቷን ቀና አደረገች። እትዬ ፊርደውስ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔማ ሲሊንደሩ ሲገባ አይቼ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለቅሬው ቀባሪዎች ተናግሬ ነበር። መቃብሩን ቆፍረው ጨርሰዋል።»