ክዳኑ የሚናገረው ቁጥር

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙስ ሳይናገር አይከፈትም። መድኃኒቱ ባለፈው አንድ ዓመት ከከተማዋ ስንት ሰው እንደገደለ ክዳኑ መጀመሪያ ይናገራል፤ ከዚያ ይለቃል። ደንቡ ሲወጣ ሰዉ ፈርቶ ነበር፤ አሁን ግን ከቁብ የሚቆጥረው የለም።

እማማ ሄርሜላ ግን ይሰሙታል። በየጠዋቱ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሊወስዱ ሲሉ ክዳኑ «አራት ሰው» ይላል። እሳቸውም «አንዱ የኔው ነው። እንዴት አደርክ ናሆም?» ብለው ይስቃሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ናሆም የራሳቸው መድኃኒት ሲያልቅ «ያው የግፊት አይደል?» እያሉ ከሚስታቸው ጠርሙስ ይበደሩ ነበር። ክዳኑ መናገር ሲጀምርም «ቶሎ በል፣ እቸኩላለሁ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የራሳቸውን መዋጣቸውን ረስተው የሚስታቸውን ደረቡበት።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው ረድኤት ፓፓያ ይዛላቸው መጥታ አጠገባቸው ቆማ ሳለ ክዳኑ «ሦስት ሰው» አለ።

«እሰይ፣ ቀነሰ» አለች ረድኤት።

እማማ ሄርሜላ በጣታቸው ቀኑን ቆጠሩ።

«ናሆም ትናንት ዓመት ሞላው፤ ከቁጥሩ ወጣ ማለት ነው» አሉና ሳቃቸው መጣ። «ድሮም ችኩል ነው። ይኸው ጓደኞቹን ጥሎ ሄደ።»

ረድኤትም አብራቸው ሳቀች። ክኒኑን ዋጡ፣ ፓፓያውን አመሰገኑ፣ እስከ በር ድረስም ሸኟት። ተመልሰው ጠርሙሱን ከደኑት። ከዚያ ክኒን ሳያስፈልጋቸው እንደገና ከፈቱት።