ያልተከፈተው ሞተር

ባለታክሲው ሰው አያምንም። ሱቅ ሲሄድ እንኳ ከሻጩ እኩል ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን ያያል። በዚህች ምድር የሚያምነው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሚስቱንና የሚስቱን ወንድም።

ቅዳሜ ዕለት የሚስቱ ወንድም ለጓደኛው ሠርግ ታክሲዋን ተዋሰ። እሱም ያው ዓይነት መኪና አለው፤ ግን ሲነሳ ሰፈሩን በጭስ ስለሚያፍን ሙሽራ አይጫንበትም። እሑድ ታክሲዋን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ መለሰ።

"ተውሶ መመለስ እንዲህ ነው!" አለ ባለታክሲው ደስ ብሎት።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ ተንገጫገጨና ጠፋ።

የሚስቱ ወንድም መጥቶ እንደ ሐኪም ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ። "ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አብቅቶለታል። ማስቀየር ነው።"

ቤተሰቡ የሚበላው ከታክሲዋ ነው። ሚስቱ አልቅሳ ሲወጣላት የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጠች። ገንዘቡን ስትሰጠው፣ "አደራህን፣ እንዳይሸውዱህ" አለችው።

የሰፈሩን መካኒክ ሰዉ "አኩራፊው" ይለዋል። ቃል ከአፉ የሚወጣው በመፍቻ ነው። ታክሲዋ ተጎትታ ጋራዡ የደረሰች ቀን ግን ሳይጠየቅ ተናገረ።

"መጀመሪያ ልክፈተውና ልየው። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል።"

የሚስቱ ወንድም ባለታክሲውን በክንዱ ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። "እንዳታስነካው! ከከፈተ ደህና ደህናውን ዕቃ መንጥሮ ነው የሚዘጋልህ።"

ባለታክሲውንም ነገሩ ሸተተው። "አይከፈትም! ቀይርልኝ አልኩ፣ ቀይር!"

"እንደ ፈለግክ" አለ አኩራፊው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ይሄ ሰውዬ አሮጌውን ቀለም ቀብቶ "ሌላ ነው" ብሎ ቢመልስልኝስ? ባለታክሲው ይህ ሐሳብ አላስቀምጥ አለው። ጋራዡ ሊዘጋ ሲል የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሱ አወጣና፣ ማንም ሳያየው፣ ከሞተሩ ጎን ጠብ አደረገ።

በማግስቱ ጋራዡ በር ላይ ያረጀ ጎማ ጥሎ ተቀመጠበት። አኩራፊው በገንዘቡ ልክ የተገኘውን የሌላ ዓይነት መኪና ሞተር አመጣ።

"ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ከሚሸጥበት።"

በለው! ደግሞ ይመልሳል! ባለታክሲው በልቡ "ሌባ" አለው። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ ግን ምልክቱን አየና ትንሽ ተነፈሰ።

"እሱን እኔ ለብረት ገዢ እሸጥልሃለሁ" አለ የሚስቱ ወንድም። "አንተ ብቻ ከዚህ ሰውዬ ላይ ዓይንህን እንዳታነሳ።" ሞተሩን ጭኖ ሄደ። አኩራፊው ያመጣው ሞተር ቦታው ላይ አልገጥም ሲለው የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ በየደ።

የተገጠመው ሞተር ይሄዳል፤ ዳገት ሲያይ ግን ያቃስታል። ባለታክሲው በየፌርማታው የአኩራፊውን ስም ሲያጠፋ ከረመ። "ደህናውን ለራሱ አስቀርቶ ትርፍራፊ ገጠመልኝ! የሚስቴን እጅ የቆረጠ ሰው ነው!" ሰዉም አመነው። የአኩራፊው ጋራዥ ቀስ በቀስ ደንበኛ አጣ፤ በመጨረሻም ተዘጋ። ባለታክሲው ይህን ሲሰማ "እሰይ!" አለ።

አንድ ጠዋት ባትሪው ደክሞ ታክሲዋ አልነሳ አለች። የሚስቱ ወንድም ተጠራ። መኪናውን ይዞ ሲመጣ ጭስ የለ፣ ጫጫታ የለ፤ ጥሩምባ ባይነፋ መድረሱንም የሚያውቅ አልነበረም።

"አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር፣ ወንድሜ!" አለች ሚስቱ ከደጃፉ ላይ ሆና።

ወንድሟ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከመቀመጫውም ሳይነሳ ኮፈኑን ከፈተ። "ጋሼ፣ የባትሪ ገመዱን ከእኔ ባትሪ ጋር አገናኘው!" ብሎ ጮኸ።

ባለታክሲው ገመዱን ይዞ ጎንበስ አለ።

ድምፁ ከማይሰማው ሞተር ጎን፣ የሚስቱን ትንሿን ጥፍር የምታህል ቀይ ጠብታ ነበረች።