የማማ ሙዛ የመጨረሻ ትጥበት

ማማ ሙዛ ያረፉት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ሞታቸውን መዝግቦ ሲወጣ የውሃ ድርሻቸውም አብሮ ተዘጋ። በኦማኗ መስከት ከተማ የባሕር ውሃ ማጣራት ከተገደበ ወዲህ ለአንድ ሰው በቀን ሃያ ሊትር ብቻ ይፈቀዳል፤ ቧንቧውም የሚከፈተው በባለድርሻው አውራ ጣት ነው። ልጃቸው ሸይኻ የራሷን ድርሻ የእናቷን ትኩሳት ስታበርድ ጨርሳዋለች።

"አስከሬኗን የምናጥብበት ውሃ ከሌለ በአፈር ተየሙም እናደርግላታለን" አለች እያለቀሰች። "አላህ ችግራችንን ያያል።"

ከወሎ መጥታ አሮጊቷን ሰባት ዓመት ያስታመመችው ሠራተኛ ሰዓዳ ግን ባልዲ አነሳችና አውራ ጣቷን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ውሃው መውረድ ጀመረ።

"እስከ ነገ ምን ልትጠጪ ነው? በዚህ ሙቀት!" አለች ሸይኻ ደንግጣ።

"እችለዋለሁ፣ መዳም። እሳቸው ሳይታጠቡ አይሄዱም።"

ሁለቱ ሴቶች አስከሬኑን ቀስ ብለው ያጥቡ ጀመር። ሰዓዳ ውሃውን ታፈሳለች፣ ሸይኻ በእጇ ታሻለች። ውሃው ሊያልቅ ሲል ሰዓዳ ቀና አለች።

"መዳም፣ እኔ እዚህ ብሞት በማን ድርሻ ነው የምታጠበው?"

ሸይኻ ጎንበስ ብላ የእናቷን እግር ማጠቧን ቀጠለች።