የደረቀ አገጭ

ሽማግሌው ሲበሉ ማየት ያስጠላ ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ በጣም ያስጠላ ነበር። ያ እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ከያዛቸው ወዲህ መዋጥ ስለከበዳቸው፣ ምራቃቸው ከከንፈራቸው ጥግ ተጎትቶ ሾርባው ውስጥ ይገባል። ሾርባውም ምራቁን ይዞ በአገጫቸው ይወርዳል። አንገታቸው ላይ የሚታሰረው ፎጣ ከመታጠቢያ ቤት ድረስ ይሸታል።

የልጃቸው ሚስት ይህን እያየች ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሰፈሩ «ራዲዮ» የሚላት በከንቱ አይደለም።

«ኧረ አባባ፣ ዋጥ ያድርጉት እንጂ! ወደ ላይ አለኝ እኮ!»

እንዲህ እያለች ፎጣውን ትፈታለች፣ አገጫቸውን ፈትጋ ትጠርጋለች፣ ሌላ ታስራለች። የሚቀጥለው ማንኪያ እስኪመጣ ድረስም ታማርራለች። ምን ዓይነት አፍ ነው በሉ!

ባልየው ግን ጨዋ ነው። ጤና ኮሌጅ ውስጥ የመድኃኒት ትምህርት ያስተምራል። አባቱን አንድ ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ሚስቱ ስትለፈልፍ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ ሳህኑን ገፋ ያደርጋል፣ ጠገብኩ ብሎ ይነሳል። በኋላ እንዲያውም ጥግ ላይ ለአባቱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ጠረጴዛ ገዛላቸው።

«አባዬ፣ እዚህ ይሻልሃል፤ ነፋሻ ነው።»

ሽማግሌው መረቁት። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ብቻቸውን ይበሉ ጀመር።

መምህሩ አንድ ልማድ ነበረው። የነገውን ትምህርት ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሁሉ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። የቤቱ ሰው በግድ ፋርማሲስት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የህመም ማስታገሻው፣ ጀርም ገዳዩ፣ ደም አቅጣኙ፣ ሁሉም ከነአሠራሩ እዚያች ምንጣፍ ላይ ተተንትኗል።

ትንሿ ሴት ልጁ አንዷ ዓይኗ ሰነፍ ናት፤ አጥርታ አታይም። ሐኪሙ ሰነፏ እንድትሠራ ብሎ ጤነኛዋ ዓይን ላይ የሚያደበዝዝ ጠብታ አዘዘላት፤ አትሮፒን ይባላል። አንድ ቀን ልጅቷ «አባቢ፣ አፌ ደረቀ» ስትለው መምህሩ ደስ አለው።

«ይድረቃ! ዓይንሽ ውስጥ የገባው በአፍንጫሽ በኩል ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ነርቭ የሚልከውን ትእዛዝ መቀበያው ላይ ይዘጋል። ትእዛዝ ያልደረሳት የምራቅ ዕጢ ምን ትሠራለች? ቁጭ ትላለች! ሲበዛ ግን ጉድ ነው። ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይጋልባል፣ ሽንት ይያዛል፣ ሰው ይቃዣል።»

«ታዲያ ለአባባ ጠብ አናደርግላቸውም? እኔ ፎጣ በማጠብ እጄ ተልጦ አለቀ» አለች ራዲዮ።

ሽማግሌው ጥጋቸው ላይ ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሽማግሌው አገጭ ደረቀ። ፎጣው ቀረ፣ ሽታው ጠፋ። አባትየው ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ተመለሱ። ባልየው ያን ሰሞን ሾርባውን እየደገመ በላ፣ ከአባቱም ጋር ተጫወተ።

«ጠብታው አለቀ፤ ሌላ ግዛ» አለችው ሚስቱ።

«ደግሞ? ትናንት ገዛሁ እኮ።»

«እኔ ጠጣሁት መሰለህ?»

ሌላ ብልቃጥ ገዛ። እሱም ከመደርደሪያው ጠፋ። ሚስትየዋ ልጅቷ ጥላው ይሆናል አለች።

ከዚያ ሽማግሌው አንድ ጠዋት ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ተነሱ። ከሞተች እናታቸው ጋር ያወራሉ፣ አየሩን ይለቅማሉ። ሆዳቸው በሽንት ተነፍቷል። መምህሩ የአባቱን ዓይን ገልጦ ሲያይ ብሌኑ ዓይናቸውን ሞልቶታል። በየዓመቱ የሚያስተምረውን ነገር አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘው።

ሆስፒታል ሽንታቸው በቱቦ ወጣ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ልባቸው አይችለውም ነበር አለ። ልቦናቸው ሲመለስ ልጃቸው ጆሯቸው ሥር ተጎነበሰ።

«አባዬ፣ ጠብታውን ማነው የሰጠህ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «ማንም» አሉ።

ምራታቸውን እየሸፈኑላት ነው! አለ ልጅየው በልቡ። እንዲህ ላለች ሴት!

ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

«ስንት ጠብታ ነው ሾርባው ውስጥ የጨመርሽበት?»

«ምን?»

«አባቴን ተጠየፍሽው። ልትገድይው ነበር!»

«አዎ፣ እጠየፋለሁ! ምራቅ ሽቶ ነው እንዴ? እየተጠየፍኩ የጠረግኩት ግን እኔ ነኝ። አንተ አንድ ቀን እጅህ ነክቶት ያውቃል?»

«ውጪልኝ ከዚህ ቤት።»

ልጇን ይዛ ወጣች። ሰፈሩም የሚለውን አላጣም፤ ድሮም ታስታውቃለች፣ አፏ ብቻ መስሎን ነበር፣ ልቧም እንዲያ ነው ለካ፣ ትፍ! አለ።

ሽማግሌው ሲሻላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ምራቴ የት ሄደች ሲሉ፣ ልጃቸው እናቷን ልትጠይቅ ነው አላቸው። ያ ምራቅ እንደ ድሮው መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ ሸሚዛቸው ራሰ። ልጅየው ክንዳቸውን ይዞ ዓይኑን ወደ መንገዱ አደረገ። አሁን የሚጠርግ የለም።

ሽማግሌው መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ሲመሽ ልጅየው ሾርባ አሞቀ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ ጠራቸው። ለመውጣት ቆዩ። ሲመጡ እየተንቀጠቀጡ ትልቁ ጠረጴዛ ጋ፣ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መምህሩ ማንኪያ ሊያቀብላቸው ቀና አለ።

አገጫቸው ደርቋል። ጉንጫቸው ቀልቷል። ብሌናቸው ሰፍቷል።

ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«አባዬ...» አለ።

ሽማግሌው ከላንቃቸው የተጣበቀውን ምላሳቸውን በመከራ አላቀቁና ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ትንሽ ብቻ ነው ያደረግኩት፣ ልጄ። ብላ፣ አሁን አላስጠላህም።»