ፌሮው እስኪበጠስ

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ያኔ ፕሮፌሰሩ ገና ተማሪ ናቸው፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊወስዳቸው ፈልጎ፣ ሁለት መምህራን በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ከደጅ ሆነው ሰሙ። «ይሄ ልጅ ቢሮ ከገባ እጁ ይዝጋል» አለ አንደኛው። ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰ ዛሬም እርግጠኛ አይደሉም። የሳቀ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ «ታዲያ ማን ይሂድ?» ያለ ይመስላቸዋል።

አሁን ፕሮፌሰሩ ሽበታቸውን ይዘው የምህንድስናው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆመዋል። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬዋ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ቁራጭ ፌሮ እየሳበ የሚፈትነውን ማሽን መንጋጋ ታጠብቃለች።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ አይቁሙ። ሲበጠስ ይፈናጠራል።»

«ይሄን እኮ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እሱማ አዎ። ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው። እናንተ ቢሮ ከሰው ትዕግሥት በቀር የሚበጠስ ነገር የለም።»

ፈገግ አሉ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ አማካሪ ሆነው ከሄዱ ወዲህ ይህችን ቀልድ በየመልኩ ሰምተዋታል። ዘንድሮ ግን ልባቸው ደከመ። ተመስገን፣ አልጋ ላይ አልጣላቸውም፤ ሐኪሙ ግን ከስብሰባ ጭቅጭቅ ይራቁ ብሏቸዋል።

«ወንበሬን አንቺ እንድትይዢ ጠይቄ አለቆቹ እሺ ብለውኛል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«እንዴ! ሳይጠይቁኝ ዳሩኝ?»

ማሽኑን አስነሳችው። ማጉረምረም ጀመረ፤ ፌሮው ተወጠረ።

«እኔ የምግባባው ከዚህ ጋር ነው፣ ጋሼ። ባለሥልጣን ማባበል አልችልበትም።»

«እኔስ መቼ ቻልኩበት? አንዲት አንቀጽ ለማስገባት አሳሬን አይቻለሁ። ማሽን ሲገዛ የመለዋወጫውና የጠጋኙ በጀት አብሮ ይያዝ የምትለዋን። የፖሊሲው ረቂቅ ሰኞ በስብሰባ ይጸድቃል፤ እሷን ቅንጦት ናት ብለው ሊሰርዟት ቆርጠዋል። ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ከተቀመጠ፣ ይሁን ብሎ ያሰርዛታል።»

ኃላፊዋ ከማሽኑ ቀና አለች። ዓይኗ ወደ ጥግ ሄደ። እዚያ ትልቁ አዲሱ ማሽን ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ጣት የምታክል ዕቃ ተቃጥላበት ምትክ ከጠፋ ወዲህ፣ ተማሪዎቹ ቦርሳ ይሰቅሉበታል። እሷ ግን ታማሚ እንደምታስታምም ላስቲኩን እየገለጠች አቧራውን ትጠርግለታለች።

«ልጆቹንስ ለማን ልተዋቸው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ የገባ ተመልሶ አይመጣም። እርስዎም ይኸው ቀሩ።»

ፕሮፌሰሩ እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ። የጸሐፊ እጅ መስለዋል።

«ልክ ነሽ፣ ዝገዋል» አሉ። «ታዲያ ማን ይሂድ?»

ጧ! ፌሮው ተበጠሰ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ውይ! ልብዎ ደህና ነው?»

«ለዚህስ ግድ የለውም። እሱን የሚጎዳው ስብሰባ ነው።»

ሳቀች። ማሽኑን አጠፋች፣ የተበጠሰውን ቁራጭ ፈትታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ጫፉ ገና ይሞቃል። ጨብጠውት ቆዩ።

«ሰኞ ጠዋት የሁለተኛ ዓመት ልጆች አሉኝ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

ነጩን ጋውኗን አወለቀች፤ አራግፋ ዘረጋችላቸው።

«እኔ ስብሰባው ላይ ነኝ፤ እርስዎ እዚህ። ከፌሮው ፊት እንዳያቆሟቸው።»

ፕሮፌሰሩ ቁራጩን ኪሳቸው ከተው ጋውኑን ለበሱ። እጅጌው ከክንዳቸው መሃል ቀረ። ቢሆንም ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፉና፣ «እሺ» አሉ።