የጎመን ጠባቂዋ ጠብመንጃ

ሐምራዊት አሁንም ሳተች። ከሜዳው ማዶ የተሰቀለው ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ እንደተበተነ ባቄላ ወዲያና ወዲህ ተዘርተዋል፤ አንዱ ጥይትማ ከነጭራሹ ወረቀቱን አልነካም።

«አየሽ? ጥፋቱ የጠብመንጃው ነው» አለ ባሏ አምሃ፣ የጆሮ መከላከያዋን ገለጥ አድርጎ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት። «ፋክተሪ ያው ፋክተሪ ነው። ለሁሉም ብለው የሰሩት ለማንም አይሆንም። በልክሽ ከስተም እናሰራ!»

አምሃ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ስለ ጠብመንጃ የሚያወሩ ሰዎችን ሲያዳምጥ ከርሞ፣ ዛሬ ከኮሎምበስ ከተማ በስተደቡብ ወዳለው ወደዚህ ባለ መተኮሻ ሜዳ የጠብመንጃ ሱቅ የመጣው ልቡን አስቀድሞ ልኮ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ባለሱቁ ዴል ለሌላ ደንበኛ በልኩ የሰራውን፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት የሆነ ጠብመንጃ ካሳየው ወዲህማ ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ መንቀል አልቻለም።

«ለመስራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል?» ስትል ሐምራዊት ዴልን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

«ስምንት ወር» አለ ዴል። ሽማግሌ ነው፤ ሊሸጥ ብሎ አይዋሽም።

«ስምንት ወር ምን አላት?» አለ አምሃ ወደ አማርኛው ተመልሶ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ፍልፈሉ ጎመኔን ይጨርሰዋል!»

ፍልፈል የምትለው ግራውንድሆግ የሚሉትን፣ ከድመት የሚገዝፍ ሆዳም አውሬ ነው። ኦቤትስ አጠገብ የተከራየችውን መሬት ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጎ፣ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ቃል ከገባችው ጎመን ግማሹን አጭዶታል። አጥር አጠረች፤ ከሥር ቆፍሮ ገባ። ወጥመድ አጠመደች፤ ማባበያውን በልቶ ወደ ጎመኑ ተመለሰ። ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን የነበራትን ሥራ የለቀቀችው ለዚህ መሬት ብላ ነው። ዘንድሮ ካልሆነላት መሬቱን መልሳ ወደ ዌርሃውሱ ልትገባ ከአምሃ ጋር ተነጋግረዋል። ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ለሰው ያልሰጠችውን እጇን ለፍልፈል?

«አንተ ሰኞ ለቴክሳስ ትነሳለህ፤ እሱ ግን ሰኞም ቁርሱን ይበላል» አለችና እንደገና ከጠብመንጃው ኋላ ተቀመጠች።

«እሺ በቃ፣ ሪላክስ አድርጊ። ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ።» አምሃ ሰደፉን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት፤ ቅድምም እንዲሁ ነበር ያስተካከለላት።

ግራ ዓይኗን ጨፈነች። በጠብመንጃው መነጽር ውስጥ ኢላማው ጭጋግ እንደለበሰ ፈዘዘባት። ግን እኮ እርሻዋ ጥግ ካለችው የሳንቃ ዕቃ ቤት ተደብቃ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ፍልፈሉን ስታየው ጢሙ ሳይቀር ይታያታል። በየትኛው ዓይኗ ነው የምታየው? ጣቷን ከምላጩ አንስታ፣ ስንጥቁ ፊቷ ያለ ይመስል ወደፊት ጠጋ አለች። አንገቷ አላመነታም። ስንጥቁ ላይ የምትለጥፈው ግራ ዓይኗን ነው።

ጠብመንጃውን ወደ ግራ ትከሻዋ አዞረችው።

«ኧረ በቀኝሽ!» አለ አምሃ።

እጇ ባለበት ቆመ። በቀኝሽ። ልጅ ሆና ይህን ቃል ከስሟ እኩል ሰምታዋለች። አንድ ቀን ለእንግዳ ውሃ በግራዋ ብታቀብል እናቷ በኀፍረት ተሸማቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ ገበታ በቀረበ ቁጥር ግራ እጇን በመቀነታቸው ከወገቧ ጋር ያስሩት ነበር። በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም፣ ነውር ነው። እሷም ጨዋ ልጅ ሆና አደገች፤ ቀኟ ሁሉን ለመደ። ዓይኗን ግን ማንም አላሰረውም ነበር።

«አምሃ፣ አሁን ዝም በል» አለችው።

ጉንጯን ሰደፉ ላይ አሳረፈች። ኢላማው ጥርት ብሎ መጣላት። ተኮሰች። መቀርቀሪያው በቀኝ በኩል ስለሆነ ቀለሃውን ለማውጣት ግራ እጇን በላዩ አሻግራ መሳብ ነበረባት። አሻግራ ሳበች፣ ተኮሰች። ደግማ ሳበች፣ ተኮሰች።

ዴል በሩቅ ማያው ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀዳዳዎች የሲኒ ቂጥ ይሸፍናቸዋል።

«ጠብመንጃውስ ምንም አልጎደለው» አለ። «ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«ነኝ» አለች ሐምራዊት። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ አፏ ላይ ጣፈጣት።

«እንግዲያው ለግራ የሚሆን ከስተም እናሰራላት!» አለ አምሃ ተስፋ ሳይቆርጥ። «በዋልነት!»

ዴል ወደ ሱቁ ገባና አንድ ጥቁር ጠብመንጃ አቧራውን እየጠረገ ይዞ ወጣ። ያው የፋክተሪ ነው፣ ዓይነቱም ያው፤ መቀርቀሪያው ብቻ በግራ ነው። ገዢ አጥቶ የከረመ መሆኑ ያስታውቃል። ከፍቶ ባዶነቱን አሳያቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ፕላስቲክ ነው እኮ!» አለ አምሃ ሰደፉን በጣቱ እያንኳኳ።

«ፍልፈሉ መቼ እንጨት ይመርጣል? የምወስደው ይሄን ነው።»

አምሃ ቀና ብሎ አያት። ዌርሃውሱን የለቀቀች ዕለትም በዚህ ድምፅ ነበር የተናገረችው፤ ከዚህ በኋላ ክርክር እንደማያዋጣ ያውቃል። ጠብመንጃውን አንስቶ እንደ ልማዱ በቀኟ በኩል ሊያቀብላት ዘረጋና መሃል ላይ ቆም አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ በግራዋ መጣ።

«እንኪ» አላት።

ሐምራዊት ግራ እጇን ዘረጋች። ቀኟ ከሥር ሊያግዝ ብድግ አለ፤ መለሰችው። ሽማግሌው እያያት፣ ባሏም እያያት፣ በግራዋ ብቻ ተቀበለች። ከብዷታል፤ ቀኟን ግን አልጠራችውም።